የአንድ ስንዝር ዕድሜ

እ.ኤ.አ. በ1969 ጂኦሎጂስቱ ፖል ሞርና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሰሜናዊ ክፍል ከኮረብታ ኮረብታ ርቀት መለካት ጀመሩ። መሣሪያቸው ጂኦዲሜትር ይባላል። ከአንዱ ጫፍ የብርሃን ጨረር ይልካል፤ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የተተከለ መስተዋት ጨረሩን ይመልሰዋል፤ ደርሶ መልሱ የፈጀው ጊዜ ርቀቱን ይናገራል። በመካከል ያለው አየር ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የብርሃኑ ፍጥነት በጥቂቱ ስለሚለዋወጥ የአየሩን ሙቀትና ግፊት አብሮ መመዝገብ ግድ ነው። ሊያውቁት የፈለጉት ነገር ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያነሰ ነበር፦ ስምጥ ሸለቆው በየዓመቱ ምን ያህል ይሰፋል?

መልሱ በዓመት አልተገኘም፤ በአምስት ዓመትም ጥርት ብሎ አልወጣም። በ1969 በብርሃን የተለኩት ነጥቦች በ1990ዎቹ በጂ.ፒ.ኤስ. እንደገና ተለክተው፣ እስከ 1997 ያለው የ28 ዓመት ልዩነት ተሰልቶ፣ ውጤቱ በ1999 ታተመ። በዓመት 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል። ከጥናቱ ጸሐፊዎች መካከል ሞር ራሱ አለበት፤ የአዲስ አበባው የርዕደ መሬት ተመራማሪ ላእከ ማርያም አስፋውም አለበት። ሌሎቹ ደግሞ ሥራው ሲጀመር በቦታው ያልነበሩ፣ የአዲሱ መሣሪያ ሰዎች ናቸው።

አርባ ዓመት በአንድ ሙያ የቆየን ሰው ጥርሱን ነቅሎበታል እንላለን። በአርባ ዓመት ውስጥ ስምጥ ሸለቆው የሚሰፋው 18 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የአዋቂ ሰው ስንዝር እንኳ አይሞላም። በወጣትነቱ መዶሻ ጨብጦ የገባ ሰው ሸብቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ዕድሜ ልኩን ያጠናው ነገር በእርሱ ዘመን የተጓዘው መንገድ ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ መካከል ይገባል።

ስለ ጂኦሎጂ ሲጻፍ የማይቀር አንድ አባባል አለ፤ የሰው ልጅ በምድር ዕድሜ ፊት ኢምንት ነው የሚል። እውነት ነው፤ ግን ብዙም አያራምድም። ኢምንትነታችንን ለማወቅ መዶሻ ተሸክሞ ቆላ መውረድ አያስፈልግም፤ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ያውቀዋል። እኔን የሚደንቀኝ ሌላው ነገር ነው፦ ይህ ኢምንት ፍጡር ስንዝሯን መለካት መቻሉ። የቻለውም ብቻውን አይደለም። የ1969 ሰው ያለ 1997 ሰው ምንም አላወቀም፤ የ1997 ሰውም ያለ 1969 ሰው የሚያነጻጽረው ነገር የለውም። በሌሎች ሙያዎች መዝገብ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚቀር ወረቀት ነው። በዚህኛው ሙያ ግን መዝገቡ ራሱ ሥራው ነው፤ የመጀመሪያው ልኬት ዋጋ የሚኖረው ሌላ ሰው ተመልሶ በዚያው ነጥብ ላይ ሲቆም ብቻ ነው።

የሜዳው ሥራ ግን እንደ ስሌቱ ረቂቅ አይደለም፤ በእጅ የሚዳሰስ ነው። ሞር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወንጂ የስብራት ቀበቶ ብሎ የሰየመው፣ የስምጥ ሸለቆውን ወለል እየሰነጠቀ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄድ የስብራቶች ሰልፍ አለ። በመኪና ለሚያልፍ ሰው ገደልና ሜዳ፣ እንደገና ገደልና ሜዳ ነው። ገደሉ ፊት የሚቆም ጂኦሎጂስት መጀመሪያ የሚፈልገው አንድ ንጣፍ ነው። ገደሉ አናት ላይ የተቆረጠ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ከታች ሜዳው ውስጥ ተቀብሮ ከተገኘ፣ ሁለቱ ቀድሞ አንድ ነበሩ ማለት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ቁመት መሬቱ የወረደበት ልክ ነው። ከዚያ በአመዱ ውስጥ ያሉ የማዕድን ቅንጣቶች ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳሉ። በውስጣቸው ካለው ፖታሲየም አንዱ ዓይነት በጊዜ ብዛት ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመው አርጎን የአመዱን ዕድሜ ይሰጣል። ቁመቱን ለዕድሜው ማካፈል ነው እንግዲህ።

የገደሉ ፊት ዝናብ ካልሸረሸረው ደግሞ ሌላ ምስክር አለው። ሁለቱ የአለት ግድግዳዎች ተፋትገው በለሰለሰው ገጽ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ይቀራሉ። መዳፍን በጭረቶቹ መሥመር ቁልቁል ቢያስኬዱት ይንሸራተታል፤ ሽቅብ ሲመልሱት ይሻክራል፣ ለዓይን የማይታዩ ትናንሽ እርከኖች ጣትን ይይዙታል። በሚለሰልስበት በኩል ነው የጠፋው ግማሽ የሄደው። ይህ ምልክት አልፎ አልፎ ስለሚያሳስት ልምድ ያለው ሰው በእርሱ ብቻ አይፈርድም፤ ቢሆንም መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው ወደዚያ ነው።

ከዚህም የሚያስደንቅ ምስክር አለ። ከመሬት በታች ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ላይ ስብራቱ በድንገት ሲንሸራተት ፍትጊያው አለቱን ያቀልጠዋል፤ ቅልጡም ወዲያው ቀዝቅዞ ጥቁር፣ ብርጭቆ የመሰለ ቀጭን ሥር ይሆናል። የኒውዚላንድ ተወላጁ ሪክ ሲብሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች እንዲህ ያለውን ሥር አጥንቶ፣ የጥንት የመሬት መንቀጥቀጥ አሻራ መሆኑን አስረዳ። ሰከንዶች የፈጀ ነገር በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ሳይጠፋ ቆይቷል። ያን ድንጋይ በእጁ የያዘ ሰው ከሁሉም አጭሩንና ከሁሉም ረጅሙን ጊዜ አንድ ላይ ይዟል። የስብራት ተመራማሪ አእምሮ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ የሚኖር ነው፤ መካከለኛውን፣ የሰው ዕድሜ የሚባለውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

ባዶ ሆኖ ያገኘዋል ስል ከላይ የጠቀስኩት 4.5 ሚሊ ሜትር እንደሚያታልል ለማሳሰብ ነው። አማካይ ቁጥር የዋህ ያደርጋል። መሬት በየዓመቱ ድርሻዋን እየቆረጠች የምትከፍል ይመስለናል። መስከረም 1998 ዓ.ም. የተደረገው ይህን ግምት አፍርሶታል። ከመስከረም 4 ጀምሮ በአፋር፣ ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ፣ መሬት ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። በሦስት ሳምንት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ከሥር በቅልጥ አለት ተሞልቶ ተከፈተ፤ ሰፊው ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር። መስከረም 16 ቀን፣ አገሩ ደመራ ለመለኮስ ሲሰናዳ፣ ዳኡሬ በተባለ ቦታ መሬቱ ተቀዶ አመድ ተፋ። የአፋር አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውንና ፍየሎቻቸውን ይዘው ከአካባቢው ሸሹ።

በዚያ የአፋር ክፍል በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች (ፕሌቶች) የሚራራቁት በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 8 ሜትር ማለት ወደ አራት መቶ ዓመት የሚጠጋ ክምችት ነው። ከአጼ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመው በሦስት ሳምንት ወጣ። ከዚያም በተከታዮቹ አምስት ዓመታት ከአስር የሚበልጡ ተጨማሪ ክፍተቶች ተከተሉ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ ገዛኸኝ ይርጉና አታላይ አየለ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ክስተት አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል። ችሎታቸውን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ዕድልም አለበት። የቤልጅግና የፈረንሳይ ዜጋው ሀሩን ታዚየፍ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአፋርን በረሃ በእግርም በሄሊኮፕተርም አስሷል፤ ይህ ቦታ ገና እየተወለደ ያለ ውቅያኖስ ነው ብለው ከተከራከሩት አንዱ ነበር። የሙያው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ጅቡቲ ውስጥ አርዱኮባ ላይ የነገሩን አነስተኛ ናሙና አይተዋል። ታዚየፍ በ1990 ዓ.ም. አረፈ፤ ትልቁ የመጣው ከሰባት ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። አንድ ሰው በሙያው ምንም ያህል ቢበረታ፣ ያጠናው ነገር በእርሱ የሥራ ዘመን የመከሰት ግዴታ የለበትም። ሐኪም በሽተኛው ሲድን ወይም ሲሞት ያያል፤ ጠበቃ ፍርዱን ይሰማል። የስብራት ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ ፋይሉን ሳይዘጋ ነው ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣው።

እ.ኤ.አ. 1906 ለዚህ ሳይንስ የተለየች ዓመት ናት። በሚያዝያ ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ ተቃጠለችም። አሜሪካኖች መንቀጥቀጡ የተነሣበትን የሳን አንድሪያስን ስብራት ግራና ቀኝ ከመንቀጥቀጡ አሥርት ዓመታት አስቀድመው ለካርታ ሥራ ለክተውት ነበር። ሃሪ ፊልዲንግ ሪድ የተባለው ሳይንቲስት የቀድሞውን ልኬት ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ፣ አለት እንደተወጠረ ቆይቶ ሲበጠስ ወደ ቦታው እንደሚፈናጠር በ1910 አስረዳ። ዛሬ ስለ መንቀጥቀጥ የምናውቀው አብዛኛው ነገር በዚያ ላይ የቆመ ነው። ልብ ይባል፤ ልኬቱን የሠሩት ሰዎች ለመንቀጥቀጥ ጥናት ብለው አልነበረም። ካርታ ነበር የፈለጉት።

በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ በላንጋኖ አካባቢ እስከ ዛሬ በስምጥ ሸለቆው ከታወቁት ብርቱ መንቀጥቀጦች አንዱ ደረሰ። አጼ ምኒልክ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ አዲስ አበባም ተናወጠች። ከዚህኛው የቀረልን ልኬት አይደለም፤ በየደብዳቤውና በየማስታወሻው የተበታተነ ወሬ ነው። ያን ወሬ ለቅሞ ወደ ሳይንስ የመለሰው አንድ ካናዳዊ ቄስ ነው።

አባ ፒየር ጉዋን የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957፣ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በሚባለው ዘመቻ ምክንያት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ጥናት ጣቢያ አቋቋሙ። አዲስ አበባ የተመረጠችው በመንቀጥቀጥ አይደለም፤ ለመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን መሬቲቱ ራሷ የጥናቱን ርእስ ቀየረችው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አወደመ፤ የደሴን መንገድ ሰነጣጠቀ፤ ነዋሪው ውጭ አደረ። ጉዋን ከዚያ በኋላ የያዙት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1979 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ። ዜና መዋዕል፣ የተጓዦች ማስታወሻ፣ የሚሲዮናውያን ደብዳቤ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ከዚያም የራሳቸው መሣሪያ ያስመዘገበው፤ ሁሉም በአንድ ሚዛን ተመዝኖ የገባበት መጽሐፍ ነው።

ለእኔ የዚህ ሙያ ፍልስፍና ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ በዚህ ንጉሥ በዚህኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በዚህ ወር ምድር ተናወጠች ብሎ ሲጽፍ ለሳይንስ አልነበረም። የእግዚአብሔር ቁጣ ምልክት መስሎት፣ ወይም የንጉሡን ሞት የሚያመለክት መስሎት ነው። ምክንያቱን እንደ ዘመኑ ጻፈው፤ ወሩን ግን በትክክል ጻፈው። ከመቶዎች ዓመታት በኋላ የመጣው ተመራማሪ ምክንያቱን ትቶ ወሩን ወሰደ። በአንጻሩ ሊቃውንት ነን ያሉ ስንት ተጓዦች በረዥሙ የተነተኑትና ቀኑን ያልጻፉት ነገር ዛሬ ለምንም አይሆንም። ትንታኔ ቶሎ ያረጃል። ያየነውን፣ የት እንዳየነውና መቼ እንዳየነው የሚናገር ዐረፍተ ነገር ግን ጸሐፊው ባላሰበው ጥያቄ ፊት ቀርቦ ይመሰክራል።

ይህ መዝገብ ጉድለት አለው፤ ጉድለቱም ያስተምራል። ዜና መዋዕልና ገድል የተጻፈው በደጋ ነው፤ በብርቱ የሚንቀጠቀጠው ግን ቆላው ነው። ስለዚህ የጥንቱ መንቀጥቀጥ ካርታ ከፊሉ የመንቀጥቀጥ፣ ከፊሉ የብራና ካርታ ነው። በንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ የደረሰው መናወጥና የመሬት መንሸራተት የታወቀው ንጉሥና የውጭ መልእክተኞች እዚያ ስለነበሩ ነው። የፈንታሌ እሳተ ገሞራ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ፣ ቅልጥ አለት አፍስሷል፤ ይህንንም ያወቅነው ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ሸዋ የመጣው እንግሊዛዊው መልእክተኛ ሃሪስ ከአካባቢው ሰዎች የሰማውን ስለጻፈ ነው። ያ ሰው በሌላ መንገድ አልፎ ቢሆን ኖሮስ? አለቱ እዚያው ይኖራል፤ ዕድሜውንም በላቦራቶሪ መገመት ይቻል ይሆናል። አባቶቻችን አይተውት እንደነበር ግን አናውቅም ነበር።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ይኸው ነገር በሌላ መልኩ ተደገመ። አመዱ በአፍዴራ በኩል ያሉ መንደሮችን አልብሶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ የመንና ኦማን፣ ከዚያም እስከ ሕንድ ሰማይ ደረሰ። ወዲያው የዓለም ዜና ማሠራጫዎች ተራራው ከ12 ሺህ ዓመት እንቅልፍ ነቃ ብለው ተቀባበሉት። መዝገቡ የሚለው ግን እንደዚያ አይደለም። መዝገቡ የሚለው በዚያ ዘመን ውስጥ የታወቀ ፍንዳታ የለም ነው። የታወቀ የለም ማለትና የለም ማለት የተለያዩ ናቸው። ቀለም ያልደረሰበትን አገር እንቅልፋም ብሎ መጥራት የጂኦሎጂ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ የአፋር ሽማግሌዎችን ሳይጠይቁ ስለ አፋር መናገርም ነው።

በዚህ መሐል ስብራትን የጥፋት ስም ብቻ አድርገን እንዳንቀር አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ፍል ውሃ አጠገብ ነው፤ ያ ውሃ ከጥልቅ የሚወጣው በስብራት በኩል ነው። የአሉቶ ላንጋኖ እንፋሎት፣ ሶደሬ፣ የስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ሁሉ የእርሱ ልጆች ናቸው። ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጠብቃ የቆየችው መሬቱ እየሰመጠ ደለል ስለተከማቸባት ነው። እርሷ የተገኘችበትን ሐዳርን ያገኘው ሞሪስ ታየብ የአዋሽን ሸለቆ ሲያጠና የነበረ ጂኦሎጂስት ነው። አጥንቱን ያነሱት ሰዎች ስም በየትምህርት ቤቱ ይጠራል፤ አጥንት የሚገኝበትን መሬት ያሳየው ግን የሚጠራው ሲታወስ ነው። ይህ ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም፤ ግን ሙያው እንደዚያ ነው።

ሕዝብ ከዚህ ሙያ የሚፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ቀን። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን መካከል መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው መብራቱ ሲወዛወዝ እያየ ልጆቹን ይዞ በሌሊት ደረጃ ወረደ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 የተለካው መንቀጥቀጥ መጣ። ከመሬቱ ሥር የቅልጥ አለት ስርገት እንዳለ ሳተላይቶች አሳይተዋል። በቴሌቪዥን የቀረቡት ባለሙያዎች ግን በየቀኑ አንድ ጥያቄ ነበር የሚጠብቃቸው፤ መቼ ያበቃል? ትልቁስ መቼ ነው? አናውቅም ሲሉ ብዙ ሰው ተናደደ። ስንት ዓመት ተምረው አያውቁም? በማኅበራዊ ሚዲያ ግን ዛሬ ሌሊት ነው የሚል ነቢይ አልጠፋም፤ ተከታይም አላጣም።

ቀን ለመስጠት ሳይሞከር ቀርቶ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓርክፊልድ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1857፣ በ1881፣ በ1901፣ በ1922፣ በ1934 እና በ1966 ተመሳሳይ መንቀጥቀጥ ደርሶባታል፤ በአማካይ በየ22 ዓመቱ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በ1980ዎቹ አጋማሽ ቀጣዩ ከ1993 በፊት እንደሚሆን በይፋ ተናገረ፤ አካባቢውን በመሣሪያ ሞላው፤ ጠበቀ። 1993 አለፈ። መንቀጥቀጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 ነው። ዓለም ከዚያ የተሻለ የተጠና ስብራት አልነበራትም።

የጣሊያኗ ላኩዊላ ደግሞ የባሰውን አሳየች። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2009 ከ300 በላይ ሰው የገደለው መንቀጥቀጥ ከመድረሱ በፊት ከተማዋ ለወራት በትናንሽ መንቀጥቀጦች ስትናጥ ነበር። ስለ ትናንሾቹ መንቀጥቀጦች ለመምከር ጉባኤ ተቀምጠው የነበሩ ስድስት ሳይንቲስቶችና አንድ ባለሥልጣን በ2012 ስድስት ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ሳይንቲስቶቹ በ2014 በይግባኝ ነጻ ወጡ። ብዙዎች ክሱ መተንበይ ስላልቻሉ ነው ይላሉ። አይደለም። የክሱ ፍሬ ነገር ሕዝቡን ያለ በቂ ምክንያት አረጋግታችኋል የሚል ነበር። አናውቅም የሚለው ቃል ከሳይንቲስት አፍ ወጥቶ በባለሥልጣን አፍ በኩል ሕዝብ ዘንድ ሲደርስ አይዟችሁ ሆነ። እዚህም ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንድ ጊዜም የሆነ ይመስለኛል።

እንግዲህ አናውቅም ማለት በዚህ ሙያ የድንቁርና መግለጫ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ሥራ ውጤት ነው። የት እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ስብራቱን በካርታ ላይ አስቀምጠውታል። እስከ ምን ሊበረታ እንደሚችል ይገምታሉ። ምን ዓይነት ቤት እንደሚፈርስም ያውቃሉ፤ መንቀጥቀጥን የሚቋቋም የሕንጻ ንድፍ ደንብ ከአሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ በወረቀት ላይ አለን። የማያውቁት ዕለቱን ብቻ ነው። ዕለቱን ለማወቅ የምንጓጓውን ያህል ደንቡን ለማክበር ብንጓጓ ኖሮ ዕለቱ ብዙም ባላስፈለገን ነበር። ዓምዱ በቀጭን ብረት የቆመ ፎቅ ውስጥ ተቀምጦ ጂኦሎጂስትን ቀን መጠየቅ፣ ጥያቄውን ለማይመለከተው ሰው ማቅረብ ነው። ጥያቄው የኮንትራክተሩና የፈቃድ ሰጪው ነው።

ሞር የጀመረው ልኬት አሁን በሌሎች እጅ ነው። በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ የተተከሉ የጂ.ፒ.ኤስ. ጣቢያዎች ቀንና ሌሊት ይቆጥራሉ፤ የራዳር ሳተላይቶች በየጊዜው እየተመላለሱ ያነጻጽራሉ። ነገር ግን የትኛው ግድግዳ እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው ምንጭ እንደደፈረሰ ወይም እንደሞቀ፣ ከብቶቹ ምን እንደሆኑ ሳተላይት አያይም። ያን የሚያየው በቦታው ያለ ሰው ነው። የጉዋን መጽሐፍ የቆመው እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ ነው፤ ቀጣዩም ከዚያ ውጭ አይቆምም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ ራስዎንና ልጆችዎን ያድኑ። ከዚያ ወረቀት ይፈልጉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያሉበትን ቀበሌ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደነበሩ፣ ምን እንደወደቀ፣ ምን ያህል እንደቆየ ይጻፉ። ዘመን አቆጣጠሩ የእኛ ይሁን የፈረንጅ መግለጽዎን አይርሱ። አንዱን ቅጂ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም ይላኩ፤ ሌላውን እቤት ያስቀምጡ። ለምን እንደሆነ የሚሰጡትን ማብራሪያ ማሳጠር ይችላሉ፤ ሰዓቱን ግን አያሳጥሩ።